አዳማ አንዴ ያየችው

ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሻሸመኔ ውስጥ ሰው ከሞተ በኋላ በነበሩት ቀናት፣ አዳማ ውስጥ ቡና በጠጣሁበት ቤት ሁሉ አንድ ቃል እሰማ ነበር፦ «ምነው ይሄ ሃይማኖት የሚሉት ነገር ባልነበረ!» ይህን የሚሉት ነጠላ የለበሱ፣ ጾም የማይገድፉ እናቶች ነበሩ። ምሬት ነው እንጂ ክህደት አይደለም። ምሬቱ ግን እውነተኛ ጥያቄ ይዟል፤ እውን ሃይማኖት ባይኖር ይሻለን ነበር?

ጥያቄውን ያነሣሣው ነገር ብዙ ነው። በዚያው ጥር 14 ቀን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ልትከፈል ደርሳ ነበር፤ የሻሸመኔው ደም የፈሰሰው በዚያ ሰበብ ነው። ከዚያ በፊት፣ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔና በባቱ ቤትና ሱቅ ነድዷል፤ በዚያ ሁከት በኦሮሚያ 123 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ጥቃቱ ሰውን በብሔሩና በሃይማኖቱ የለየ እንደነበርም መዝግቧል። «ሃይማኖት ምንም እጅ የለበትም» ብሎ መከራከር የሞቱትን ማቃለል ይመስለኛል።

ነገር ግን መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ የሆነውን አብረን እናስታውስ። ሕዝቡ ለኢሬቻ፣ ክረምቱን ላሳለፈው ዋቃ ምስጋና ሊያቀርብ እርጥብ ሣር ይዞ የወጣ ነበር። ተቃውሞ ተነሣ፣ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ሰው ገደል ውስጥ ተረጋገጠ። መንግሥት 55 ሰው ሞተ አለ፤ ሌሎች የጠቀሱት ቁጥር ከዚያ እጅግ ይበልጣል። እዚያ የገደለው ምስጋናው አልነበረም።

ይህች አገር «ሃይማኖት ባይኖርስ» የሚለውን በሐሳብ ብቻ አላወቀችውም። በተግባር ሞክራዋለች፤ አዳማ ደግሞ ሙከራው ጎልቶ ከታየባቸው ከተሞች አንዷ ናት።

ከሙከራው በፊት የነበረውም መልካም ብቻ አልነበረም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አዳማ «ናዝሬት»፣ ቢሾፍቱ «ደብረ ዘይት» ተባሉ። የሙስሊሙ በዓል በመንግሥት ቀን መቁጠሪያ ላይ ቦታ አልነበረውም፤ ጴንጤ የተባለ ወጣት በጸሎት ቤት ተይዞ ይታሰር ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፣ ክርስቲያን ወዳጆቻቸውም አብረው፣ አዲስ አበባ ላይ ለእኩልነት ሰልፍ የወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ኢድ አል ፈጥርን፣ ዓረፋንና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አደረገ፤ ሃይማኖቶች እኩል ናቸው አለ። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ደርግ ልጇን የገደለባት እናት እንኳን ልትክደው አትችልም።

ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እኩልነት የተባለው ሁሉንም እኩል ወደ መጫን ዞረ። ብሥራተ ወንጌል የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ በ1969 ተወረሰ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፈኑ። ሁለቱም ተገደሉ፤ የት እንደተቀበሩ የታወቀው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። አንዱ የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን አባት፣ ሌላው የወለጋ ወንጌላዊ፤ በሕይወት የለያያቸውን ልዩነት ገዳያቸው አልቆጠረውም።

ወደ አዳማ እንመለስ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጡ የሜኖናይት ሚሲዮናውያን አንድ የጥጥ መዳመጫ ቤት አድሰው ሆስፒታል አደረጉት። በአርበኛው በኃይለማርያም ማሞ ስም ተጠራ፤ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የምንለው ነው። እዚያ ድሬሰሮች (የጤና ረዳቶች) ሠለጠኑ፣ በከተማዋ የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ተከፈተ፣ ከዚህ ሁሉ መካከል መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተወለደች። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ዘጋት። ሕንጻዎቿ ተወረሱ፣ አካዳሚው ተወሰደ፣ መሪዎቿ ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። ያን ጊዜ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ።

ቀጥሎ የሆነውን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጉባኤው በየቤቱ ተበተነ። ጥቂት ሰዎች ሆነው፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ፣ ጸሎቱ ከጀበናው አጠገብ። ቡና ተፈልቶ የተሰበሰበ ጎረቤት በኢትዮጵያ ከተማ ማንም አይጠረጥረውም። ቡድኑ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል፣ ሌላ ቤት ይፈለጋል። ቤቱን የሚከፍቱት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ፤ አዳራሽ በነበረ ጊዜ ከኋላ ይቀመጡ የነበሩት አሁን አስተማሪ ሆኑ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ይህቺ ተዘግታ የነበረች ቤተ ክርስቲያን 34,000 ያህል ሰው ይዛ ብቅ አለች። ዘጊው ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሳያውቀው ሲያሳድጋት ነበር ማለት ነው።

ይህ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወሬ ብቻ አይደለም። አልባኒያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሃይማኖትን ጨርሳ ከለከለች፤ በ1990 እገዳው ሲነሣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ሰው ሞላው። ጎረቤታችን ኤርትራ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ከአራት በስተቀር የእምነት ተቋማትን ዘግታለች፤ አማኞቹ ግን አልጠፉም፣ እስር ቤት ገቡ እንጂ። በሌላ በኩል ስዊድንና ዴንማርክ አሉ፦ ሰዉ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፣ አገሩ ግን ሰላምና ጥጋብ ነው። ይህንን የሚጠቅሱ ወጣቶች አልተሳሳቱም። ልዩነቱ እዚያ ማንም ማንንም አለመዝጋቱ ነው፤ ጡረታው፣ ሕክምናው፣ የሙት ልጅ አሳዳጊነቱ ቀስ በቀስ ወደ መንግሥት ሄደ፣ ሰውም በራሱ ጊዜ ራቀ። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛን አስተዛዝኖ፣ ድሃን መጽውቶ፣ የታመመን ጠይቆ የሚያድር ሌላ ማን አለ?

ጥያቄው የውጭ ዕቃ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አይመስለኝም። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፣ የጸሐፊው ማንነት ቢያከራክርም፣ በግዕዝ የተጻፈና ሃይማኖቶች እርስ በርስ የሚጣሉበትን ነገር በአእምሮ ብርሃን መመርመር ይገባል የሚል ነው። እግዚአብሔርን አይክድም፤ ሰዎች በስሙ የሠሩትን ይጠይቃል። ቡና ስጠጣ የሰማኋቸው እናቶች የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጣልቃ አይገባም ይላል፤ አንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል። ከሕጉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሕጉ ያልደረሰበት ቦታ ነው። በከተሞቻችን መቃብር በእምነት የተከፈለ ነው። ብዙ ጴንጤዎች ሬሳ ይዘው ከቅጥር በር የተመለሱበት ዘመን ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ውርደት አላውቅም። ዛሬም በምንም አላምንም የሚል ሰው ቢሞት ዘመዶቹ የት ይወስዱታል? ሃይማኖት ይጥፋ ከሚለው ይልቅ ይህን መመለስ የሚያስፈልገን ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን አንድ ሙስሊም አባት አረፉ። የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ አግዳሚ ወንበሮቹ ሲወርዱ የወንበሮቹን ቁጥር የሚቀበለው ጸሐፊያችን ዲያቆን ነው። የሬሳው ጉዳይ ለመስጊዱ ሰዎች ተተወ፤ እኛ እስከ መቃብሩ በር ሸኝተን ተመለስን። ማታ እንጀራው ከየቤቱ መጣ፣ ወጡ ግን ሙስሊም ባረደው ሥጋ በሌላ ድስት ተሠራ፤ ጭልፋዎቹ እንዳይቀላቀሉ አንዲት ልጅ ተመድባ ስትጠብቅ አመሸች። ጸሐፊው የዕድሩን መዝገብ ሲዘጋ ዓይኔ በላዩ አረፈ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ የቤተሰብ ብዛት። ለሃይማኖት የተሰመረ ዓምድ የለውም።