የአደን ውሻና ካዮቲ በሜዳ ሲገናኙ

ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ውሻን የቤቱ ዘበኛ፥ የከብቱ ጠባቂ፥ የአደኑም ረዳት አድርጎታል። ሆኖም ውሻ በዱር የቀሩ ዘመዶች አሉት። ተኩላና ቀበሮ፥ በሰሜን አሜሪካም ካዮቲ የሚባለው አውሬ የዚሁ ወገን ናቸው። አዳኝ ውሻውን ፈትቶ ወደ ሜዳ ሲያሰማራ ውሻው ከነዚህ ዘመዶቹ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ግንኙነት ነው። መቼና ለምን ወደ ጠብ እንደሚለወጥ፥ ከጠቡም የሚከፋው ነገር ምን እንደሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን። ጉዳዩ የሩቅ አገር አዳኞች ጨዋታ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ መጨረሻው እንደምናሳየው እስከ ባሌ ተራሮች ድረስ የሚደርስ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ካዮቲ ምን ዓይነት አውሬ ነው?

ካዮቲ የሚለው ስም የመጣው ከሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ከናዋትል ሲሆን፥ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በስፓኝ ቋንቋ በኩል ነው። የሳይንስ ስሙ ካኒስ ላትራንስ ይባላል፤ ትርጓሜውም «የሚጮኽ ውሻ» ማለት ነው። ይህን ስም በ1823 ያወጣለት ቶማስ ሴይ የተባለው አሜሪካዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። የካዮቲ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 20 ኪሎ ስለሆነ ከተኩላ እጅግ ያንሳል። ጆሮው ትልቅና ቀጥ ያለ፥ አፉ ሾጠጥ ያለ፥ ጠጉሩ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ነው። ከሩቅ ያየው ሰው ውሻ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። አንዱ መለያ ጭራው ነው፤ ብዙ ውሾች ሲሮጡ ጭራቸውን ወደ ላይ ሲያነሡ ካዮቲ ግን ወደ ታች አድርጎ ይሮጣል።

የሚበላውም ያገኘውን ነው። አይጥ፥ ጥንቸል፥ የወደቀ ፍሬ፥ የሞተ እንስሳ፥ ሲመቸውም በግና የአጋዘን ግልገል ይበላል። ጥንት መኖሪያው የመካከለኛውና የምዕራቡ አሜሪካ ሜዳና በረሃ ነበር። ሰዎች ተኩላውን ባጠፉትና ደኑን ለእርሻ በመነጠሩት መጠን ግን ካዮቲ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ተስፋፋ። ዛሬ ከሃዋይ በስተቀር በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ይገኛል፤ ወደ ደቡብም እስከ ፓናማ ደርሷል። እንደ ቺካጎ ባለ ታላቅ ከተማ ውስጥ እንኳ ይኖራል፤ በዚያም ከ2000 ጀምሮ በስታንሊ ገርት የሚመራ ጥናት አኗኗሩን ሲከታተል ቆይቷል።

ሰው ይህን አውሬ ለማጥፋት ያልሞከረው ዘዴ የለም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከ1915 ጀምሮ ገንዘብ መድቦ በጠመንጃ፥ በወጥመድና በመርዝ ሲያስገድል ኖሯል። ዛሬም ይህን ሥራ የያዘው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ካዮቲዎችን ይገድላል። ዳሩ ግን አንዱ ሲሞት ከጎረቤት ያለው ወጣት መጥቶ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ውሻውን ወደ ሜዳ የሚያወጣ ሰው ካዮቲ የሌለበትን ሜዳ ከመመኘት ይልቅ የካዮቲን ጠባይ ማወቁ ይሻለዋል።

ግንኙነቱ እንዴት ይፈጠራል?

የአደን ውሾች ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው። እንደ ፖይንተር ያሉት ከጌታቸው ርቀው ሜዳውን እየዞሩ ወፍ በሽታ ያገኛሉ። እንደ ቢግል ያሉት የጥንቸል ዱካ እያሸተቱና እየጮኹ ያሳድዳሉ። ሌሎቹም በሌሊት ራኩን የሚባለውን እንስሳ አባርረው ዛፍ ላይ ያስወጣሉ። የሁሉም የጋራ ነገር ከጌታቸው ዓይን መራቃቸውና አፍንጫቸውን መሬት ላይ አድርገው መሄዳቸው ነው። ጥንቸልና አይጥ የሚበዙበት ቁጥቋጦ ደግሞ ካዮቲም የዕለት ምግቡን የሚፈልግበት ቦታ ነው። ውሻውና ካዮቲው በማለዳ ወይም በምሽት በአንድ ዱካ ላይ ቢገናኙ እንግዲህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን በብዛት የሚወስነው ወራቱ ነው። ካዮቲዎች ወንዱና ሴቷ ተጣምረው የራሳቸውን ክልል ይዘው ይኖራሉ። የስሪያ ወራታቸው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ሴቷ ሁለት ወር ያህል አርግዛ በሚያዝያ ወይም በግንቦት ገደማ በጉድጓድ ውስጥ ትወልዳለች፤ የሚወለዱትም ብዙውን ጊዜ ስድስት ያህል ናቸው። ወንዱ ምግብ ያመላልሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ያለፈው ዓመት ልጆች ግልገሎቹን በመጠበቅ ይረዳሉ። ግልገሎቹ አድገው የራሳቸውን ቦታ ፍለጋ መበተን የሚጀምሩት በመከር ወራት ነው።

ስለዚህ በመከር የተገኘ ካዮቲ አብዛኛውን ጊዜ ውሻውን አይቶ ይሸሻል። በስሪያ ወራት ግን ክልሉን ስለሚጠብቅ ይደፍራል። ከሁሉ የሚያስፈራው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ነው፤ ግልገሎች በአካባቢው አሉና። ለካዮቲ ውሻ ማለት ልጆቹን ሊገድል የሚችል ሌላ አውሬ ነው። አደኑ ራሱ በመከርና በክረምት ቢሆንም፥ ውሻ ማሠልጠንና ማሮጥ በጸደይና በበጋም ይደረጋል፤ ያን ጊዜ ውሻው ሳያውቅ ጉድጓዱ አጠገብ ይደርሳል።

«ያታልላል» የሚባለው ነገር

ስለ ካዮቲ በሰፊው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አንዱ ካዮቲ ብቻውን ይወጣና ከውሻው ጋር እንደሚጫወት መስሎ ቀስ በቀስ አርቆ ይወስደዋል፤ ከዚያም ተደብቀው የሚጠብቁት ጓደኞቹ ወጥተው ውሻውን ይበሉታል ይባላል። ይህ ግን የታሰበ ተንኮል ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም። ነገሩን በቅርብ ያጠኑ ሰዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ቀላል ነው። ውሻ ካዮቲ ሲያይ ያባርራል። ካዮቲው የሚሸሸው ወደሚያውቀው ቦታ፥ ማለትም ወደ ገዛ ክልሉ ነው። በዚያ ሚስቱ ወይም ያደጉ ልጆቹ አሉ። አሳዳጁ ውሻ በድንገት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሲዞሩበት፥ ከሩቅ የሚያየው ጌታው አስቀድሞ የተመከረ ወጥመድ ይመስለዋል።

ሌላው ለትርጓሜ የሚያስቸግረው ጠባይ ደግሞ ሽኝት ልንለው የምንችለው ነው። ጉድጓዱ ቅርብ ሲሆን ካዮቲው ከውሻውና ከሰውየው ኋላ ጥቂት ራቅ ብሎ ይከተላል፤ ቆም ይላል፥ ይጮኻል፥ እንደገና ይከተላል። ሰዎቹ ከአካባቢው ከወጡ በኋላ ይመለሳል። ይህ አድብቶ ለመግደል መከተል ሳይሆን እንግዳን ከደጅ ማስወጣት ነው። ጀርባውን አጉብጦ፥ ጭራውን ሸጉጦ፥ አፉን ከፍቶ የሚቆም ካዮቲም የሚናገረው ያንኑ ነው፤ «ከዚህ ወዲያ አትምጡ» ማለቱ ነው።

የዚህ ማብራሪያ እውነትነት በራሳቸው በካዮቲ አዳኞች ልማድ ይታያል። አንዳንዶቹ በግልገል ወራት የሠለጠነ ውሻ ወደ ክልሉ ይልካሉ። ካዮቲዎቹ ውሻውን ሲያባርሩ ውሻው ወደ ጌታው ይመለሳል፤ አዳኙም የተከተሉትን ተደብቆ ይተኩሳል። እንግዲህ በዚህ አደን አታላዩ ሰው ነው፤ ካዮቲ የሚሞተው ልጆቹን ሲጠብቅ ነው። እኛ ይህን የምንጠቅሰው አውሬውን ለማመስገን ወይም አዳኙን ለመውቀስ ሳይሆን፥ በወሬ የተሰጠ ስም በመመልከት ከተገኘ ዕውቀት ጋር ሁልጊዜ እንደማይስማማ ለማሳየት ነው።

የውሻው ባለቤት ምን ያድርግ?

አንደኛ፥ ውሻው ሲጠሩት መመለስን በሚገባ የተማረ መሆን አለበት። በፊሽካ ተጠርቶ የማይመለስ ውሻ ካዮቲ ባለበት ሜዳ መፈታት የለበትም።

ሁለተኛ፥ በግልገል ወራት ጉድጓድ የታየበትን ቦታ መተው ያስፈልጋል። ካዮቲ እየተከተለ የሚጮኽ ከሆነ ውሻውን በገመድ ይዞ በመጡበት መመለስ ነው።

ሦስተኛ፥ ካዮቲ ሲቀርብ ሰው መሮጥም ጀርባውን መስጠትም የለበትም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ፥ እጁን አንሥቶ፥ በኃይል እየጮኸ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ መራቅ ይገባዋል። ካዮቲ ሰውን የሚያጠቃው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ሰው በካዮቲ እንደተገደለ የሚታወቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1981 በካሊፎርኒያ አንዲት ሕፃን፥ በ2009 ደግሞ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አንዲት ወጣት ሞተዋል።

አራተኛ፥ ውሻው ከተነከሰ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት፤ ጥርስ ከላይ ጥቂት ቀድዶ ከውስጥ ብዙ ያበላሻልና። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልገዋል።

ከጥርስ የሚከፋው

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን ውሻው ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት መከተቡ ነው። ውሻና ካዮቲ በጣም የተቀራረቡ ዘመዶች ስለሆኑ አንዱ ከሌላው ጋር ሊዳቀል ይችላል፤ በዚያው መጠን የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። እከክ፥ ዲስቴምፐርና የእብድ ውሻ በሽታ ከነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በደቡብ ቴክሳስ የተፈጸመው ነው። በ1988 በሜክሲኮ ጠረፍ አጠገብ በስታር ካውንቲ የውሻ ዓይነት የሆነው የእብድ ውሻ በሽታ በውሾችና በካዮቲዎች መካከል ተነሣ። ካዮቲው ሰፊ አገር የሚያካልል አውሬ በመሆኑ በሽታው ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ካዮቲን ሁሉ ይዞ በመርፌ መክተብ የማይቻል ስለሆነ በ1995 ሌላ ዘዴ ተጀመረ፤ ክትባቱን በሚበላ ነገር ውስጥ ከትተው በአውሮፕላን ሜዳ ላይ በተኑት። ካዮቲዎቹም እየበሉ ተከተቡ። ከውሾቹ ክትባት ጋር ተዳምሮ ሥራው ፍሬ ሰጠ፤ በ2007 አሜሪካ ከውሻ ወደ ውሻ ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነጻ መሆኗ ተገለጸ።

ወደ ባሌ ስንመለስ

ይህ ታሪክ ለእኛም ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ የካዮቲና የውሻ የቅርብ ዘመድ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ጎልማሶቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፤ ከነዚህም የሚበዙት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ በአመዛኙ ፍልፈልና አይጥ የሚበላ በመሆኑ ለውሻ የሚያሰጋ አውሬ አይደለም። በዚህ ግንኙነት አደጋው የሚመጣው ከውሻው ወገን ነው። ከብት ተከትለው ወደ ደጋው የሚወጡ ያልተከተቡ ውሾች በሽታ ይዘው ይሄዳሉ። በ1991 እና በ1992፥ በ2003 እና በ2004፥ በ2008 እና በ2009፥ እንዲሁም በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀይ ቀበሮዎች ላይ ወርዷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉ አልቀዋል።

መፍትሔውም ከቴክሳሱ ጋር ይመሳሰላል። የአካባቢውን ውሾች የመክተቡ ሥራ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። በ2018 ደግሞ ለቀይ ቀበሮዎቹ ራሳቸው ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ማብላት በባሌ ተጀመረ። ነገር ግን ውሻ ሁሉ ካልተከተበ የቀበሮው ክትባት ብቻውን በቂ አይሆንም፤ የበሽታው ምንጭ ከመንደር ነውና።

በሜዳ የሚገናኙት እንስሳት ሁለት ቢሆኑም ኃላፊነቱ የሦስተኛው የሰው ነው። ካዮቲ ልጆቹን መጠበቁን፥ ውሻም ዱካ መከተሉን አይተዉም፤ ተፈጥሯቸው ነው። ውሻውን መቼና የት እንደሚፈታ፥ ከመፍታቱም በፊት አስከትቦት እንደሆነ ግን ባለቤቱ ያውቃል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ከመካከላችን በዕረፍት ጊዜ ወደ ገጠር የሚሄድና በቤቱ ውሻ ያለው ሁሉ፥ ውሻውን በማስከተብ ሥራውን ከዚያው መጀመር ይችላል።