እማማ መራመድ ካቆሙ ጉልበታቸውን ብቻ አይጠርጥሩ

«ዶክተር፣ እማዬ እግሯ ደከመ፤ ቤተክርስቲያን መሄድ ካቆመች ስድስት ወር ሆናት» ብላ ልጃቸው አመጣቻቸው። ጉልበታቸውን አየሁት፤ ደህና ነው። «ታዲያ ምን ሆነው ነው እማማ?» ስላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደረጃው አይለይልኝም ልጄ፣ እንዳልወድቅ ፈርቼ ነው» አሉኝ። ለልጃቸው ያልነገሯት ወጪ እንዳይበዛባት ብለው ነው። (ስንት እናት አለች እንዲህ!)

ሁለቱም ዓይናቸው ላይ የዓይን ሞራ ነበር። በአገራችን ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት ምክንያት ይኸው ነው፤ ግን በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ አይበልጥም። ቁጭ ብለው በቆዩ ቁጥር ግን ጡንቻቸው ይሳሳል፣ ሚዛናቸውም ይከዳቸዋል።

ወላጅዎ ግድግዳ ይዘው መሄድ ወይም «ሲመሽ አልወጣም» ማለት ከጀመሩ ዓይናቸውን ያስመርምሩ። እስከዚያው የደረጃውን ጫፍ ነጭ ቀለም ይቀቡላቸው፤ ክንዳቸውን ይዘው ጠዋት ጠዋት ያራምዷቸው።