የላክነው አያ በሌላው ስክሪን ላይ ለምን ተበታትኖ ይታያል?

በስልካችን አምሮ የሚታየንን የቁርአን አያ በቴሌግራም ለሌላ ሰው ስንልከው አንዳንዴ «ፊደሎቹ ተለያይተዋል» ወይም «ሳጥን ብቻ ነው የሚታየኝ» የሚል መልስ ይመጣል። ጽሑፉ መንገድ ላይ ተበላሽቶ አይደለም።

ጽሑፍ ስንልክ የሚሄደው የፊደሉ ምስል ሳይሆን ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ሲሆን ዐረብኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረበት፤ የግዕዝ ፊደል የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየራሳቸው መንገድ ይሠሩ ስለነበር ፎንቱን ያልጫነ ሰው የሚያየው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነበር። ዛሬ ቁጥሩ አንድ ነው፤ ወደ ምስል የሚለውጠው ግን የተቀባዩ መሣሪያ ነው። ለአማርኛ ዊንዶውስ ኒያላንና ኤብሪማን፣ አፕል ከፋን፣ አንድሮይድ ኖቶን ይጠቀማል። መሣሪያው ላይ ያለ ፎንት ሁሉ ያንን ፊደል ካልያዘ ሳጥን ይወጣል።

ለዐረብኛ ግን ፎንት ብቻውን አይበቃም። የአማርኛ ፊደል የትም ቢገባ መልኩን አይለውጥም። የዐረብኛው «ዐይን» ግን በቃል መጀመሪያ፣ መሐል፣ መጨረሻና ብቻውን ሲሆን አራት መልክ አለው፤ ቁጥሩ ግን ያው አንድ ነው። ተገቢውን መልክ መርጦ የሚያገናኘው ሌላ የሶፍትዌር ክፍል ነው፤ በአፕል ኮር ቴክስት፣ በአንድሮይድ ሐርፍባዝ ይባላል። (ስሙ ከፋርስኛ ቢመጣም ቁርአን የቀራ ሁሉ «ሐርፍ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል።) ይህ ክፍል የሌለው ፕሮግራም ፊደሎቹን ነጣጥሎ፣ አንዳንዴም ከግራ ወደ ቀኝ ገልብጦ ይደረድራቸዋል። አንዳንድ የዲዛይን ፕሮግራሞች የዐረብኛ አማራጫቸው ካልተከፈተ ይህንኑ ያደርጋሉ። ዐረብኛ የማያነብ ዲዛይነር ስህተቱ አይታየውም፤ ባነሩ ታትሞ መስጂድ በር ላይ ሊሰቀል ይችላል። የአላህ ቃል ነውና ይህን እንደ ተራ የኅትመት ግድፈት ማለፍ አይቻልም።

ሰለዋትም የራሱ ችግር አለው። በዩኒኮድ ሙሉው ሐረግ እንደ አንድ ምልክት ተቀምጧል፤ ቢስሚላህም እንዲሁ። በአንዱ ስልክ ሰለዋቱ ጥርት ብሎ ሲነበብ በሌላው በአንድ ፊደል ቦታ ተጨምቆ ነጥብ ይመስላል፤ ቢስሚላህ ደግሞ በአንዳንድ ፎንት መስመሩን ሞልቶ ይዘረጋል። ስለዚህ እኛ «ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም» ብሎ በአማርኛ መጻፉን እንመርጣለን።

የመዲናው ሙስሐፍ 604 ገጽ አለው። መልኩን ሳይለውጡ ለማሳየት አንዳንድ መተግበሪያዎች ለየገጹ የተለየ ፎንት ይጠቀማሉ፤ እያንዳንዱ ቃል እንደ አንድ ምልክት ይቆጠራል። እዚያው ሲነበብ ያምራል፤ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ግን ትርጉም የሌለው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ተሰባብሮ የደረሰን አያ በእጅ ለመጠገን መሞከር አደገኛ ነው፤ አንዲት ሐረካ ብትሳሳት ትርጉም ልትለውጥ ትችላለች። ይልቅ በጥንቃቄ የታረመ የዩኒኮድ ቁርአን ከሚያቀርበው ከታንዚል እንደ አዲስ መቅዳት ይሻላል። ለኅትመት የሚሄደው ደግሞ ፎንቱ አብሮት የተካተተ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ከመታተሙ በፊትም ቁርአን የሚቀራ ሰው ሙስሐፍ ይዞ ያመሳክረው። ስልካችሁ አያውን በሳጥን ብቻ ካሳያችሁ ላኪውን የአያውን ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ ፎቶ ፎንት አይፈልግም።