እዚያ አገር የቀረው ሞተር

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኮ የራሷን ሞተር ተነጥቃ ነው ያደገችው።»

ይህን ያለኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ እናቱ በርበሬ በሚያሰጡበት ጋራዥ ውስጥ ኮፈኗ ተነቅሎ ሆድ ዕቃዋ የወጣ የ1990 ኒሳን 240ኤስኤክስ ቆማለች። እኔ የገባሁት «ደህና የሚሠራ ሞተር አውጥቶ ሌላ መክተት ምን ይሉት ጥጋብ ነው» ልለው ነበር። ሁለት ሰዓት ቆሜ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ በዚሁ ወሬ አሰልችቻለሁ። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ኒሳን በ1988 ጃፓን ውስጥ ሲልቪያ የምትባል ባለ ሁለት በር መኪና አወጣ። የፋብሪካ መለያዋ ኤስ13 ነው። የሚገፋት የኋላ ጎማ፣ ክብደቷ 1,200 ኪሎ ገደማ፤ ጠመዝማዛ መንገድ ለሚወድ ሰው የተሰፋች ይመስላል። ያንኑ አካል አሜሪካ ሲያመጡት ስሙን 240ኤስኤክስ አሉት፤ ሞተሩንም ቀየሩት። ጃፓኖቹ መጀመሪያ 1.8 ሊትር፣ ከ1991 ጀምሮ ደግሞ 2.0 ሊትር ባለ ተርቦ ሲነዱ፣ አሜሪካኖቹ የደረሳቸው ተርቦ የሌለው፣ ብሎኩ ከባድ ብረት የሆነ 2.4 ሊትር ሞተር ነው። በ1990ዋ ላይ መጠሪያው ኬኤ24ኢ ነው። ይሄው ሞተር ሌላ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? በዚያው ዘመን በነበረችው የኒሳን ፒክአፕ ውስጥ! ለሯጭ የተሸካሚ እግር ሰጧት ማለት ነው።

ሞተሩን ግን አልሰድበውም። ጠንካራ ነው፣ አይሞትም። ብቻ ጠባዩ ሌላ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 89 ሚሊሜትር ሲሆን ፒስተኑ ወጥቶ የሚወርድበት ርቀት 96 ነው። ረጅም ርምጃ ያለው ሰው ሸክም ይዞ ዳገት ይወጣል እንጂ ቶሎ ቶሎ አይራመድም፤ ይሄም እንደዚያው ከታች ጀምሮ ይጎትታል፣ ዙሩ ሲበዛ ግን ይንገፈገፋል። የጃፓኑ 2.0 ሊትር 86 በ86 ነው፣ ስፋቱም ርቀቱም እኩል። ብሎኩም አሉሚኒየም ነው። መዞር ይወዳል።

የዚህኛው ስም ኤስአር20ዲኢቲ ይባላል። ሲያዩት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመስላል፤ ሚስጥሩ ሲገባችሁ ግን ደስ ይላል። ኤስአር የሞተሩ ቤተሰብ ነው። 20 ማለት 2.0 ሊትር። ዲ ካምሻፍቱ ሁለት ነው ማለት፣ ኢ ነዳጁን በኮምፒውተር ትእዛዝ ይረጫል ማለት፣ ቲ ደግሞ ተርቦ። አሁን ወደ ኬኤ24ኢ ተመለሱና ራሳችሁ አንብቡት፤ ዲም የለው፣ ቲም የለው።

ተርቦ ምን እንደሆነ ለመረዳት የቀጥቃጭ ወናፍ አስቡ። ፍሙ የሚግመው እንጨት ስለተጨመረበት ብቻ አይደለም፣ አየር ስለተነፋበት ነው። ተርቦም የሞተር ወናፍ ነው፤ ልዩነቱ እጅ አይነፋውም። በማርሚታ ወጥቶ ሊባክን የነበረው የተቃጠለ ጭስ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ሌላዋ ማራገቢያ ንጹሕ አየር እየጨመቀች ወደ ሲሊንደሩ ታስገባለች። ብዙ አየር ካለ ብዙ ነዳጅ መርጨት ይቻላል። ችግሩ የተጨመቀ አየር ይሞቃል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ራዲያተር በሚመስል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል። ውጤቱን ተመልከቱ፦ 2.4 ሊትሩ 140 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ በመጠን የሚያንሰው 2.0 ሊትር 205 ይሰጣል።

ሞተሩ ከጃፓን እንዴት ይመጣል? እዚያ አገር የእኛን ቦሎ የመሰለ ምርመራ አለ። አዲስ መኪና መጀመሪያ በ3 ዓመቷ፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ትቀርባለች፤ ወጪውም የዋዛ አይደለም። ባለቤቱ አሮጌ መኪናውን እንደገና ከማስመርመር ይልቅ መሸኘት ይመርጣል። አራጆቹ ተቀብለው ከፊት ወንበር በፊት በመጋዝ ይቆርጧታል፤ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ሽቦው፣ ኮምፒውተሩ እንዳለ ያ ግማሽ መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል። ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ የዞረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሻጮች ታዲያ አንድ ተረት ይጨምራሉ፦ «የጃፓን ሕግ ሞተር ብዙ ሳይሄድ እንዲወጣ ያስገድዳል፣ ስለዚህ ይሄ አዲስ ነው በሉት።» እንዲህ የሚል ሕግ የለም!

ለምን መኪናዋን ራሷን አላስመጡም? ሕጉ ነዋ። በ1988 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለአገሩ የደኅንነት መለኪያ ያልተሠራን መኪና 25 ዓመት ካልሞላት በቀር እንደዋዛ አያስገባም፤ ሞተር ግን ዕቃ ነው፣ ያልፋል። ዛሬ የኤስ13ቶቹ ዕድሜ ስለሞላ ሙሉ ሲልቪያ ማስመጣት ይቻላል። ልጁን ግን እንዳትነግሩት። «እሷማ እዚያ ያደገች ናት፣ እኔ የምመልሰው እዚህ ላደገችው ነው» ይላል።

አሁን ወደ ጋራዡ። ከጃፓን የመጣው ሞተር ከእንጨት መደብ ተፈትቶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የቴስታታው ክዳን ቀይ ነው፣ ወዳጆቹም በዚያ ይለዩታል። ሻጩ «እንከን የለውም» ብሎታል። ልጁ ካንዴላዎቹን ፈታና በአንደኛው ቀዳዳ የግፊት መለኪያ አስገባ፤ ባትሪ አምጥቶ ሞቶሪኖውን አስነሳ። መርፌው ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ቆመ። ሁለተኛው እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ መርፌው ትንሽ ብድግ አለና ቀረ። ደግሞ ሞከረ። ያው ነው። አራተኛው ደህና።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። እኔ እንኳ «ፒስተኑ ተበሳ» ብዬ ልቅሶ ጀምሬ ነበር። ቀዩን ክዳን ስንከፍተው ግን ከካምሻፍቱ ሥር ቫልቮቹን የምትጫነው የብረት ክንድ፣ ሮከር የሚሏት፣ ከቦታዋ ወልቃ ጥግ ላይ ተጋድማለች። የዚህ ሞተር የታወቀ ድክመት ነው፦ ከልክ በላይ ሲያስጮሁት ሮከሩን ይወረውራል። የአየር ቫልቮቹ ካልተከፈቱ አየር አይገባም፤ ያልገባ አየር ደግሞ አይጨመቅም። አንድ ያልታወቀ ጃፓናዊ፣ ምናልባት አንድ ሌሊት ተራራ ላይ ማርሽ ስቶ፣ ያጠፋውን ጥፋት ቨርጂኒያ ላይ አገኘነው። ቫልቮቹ አልተጣመሙም። አዲስ ሮከር ታዘዘ፤ ጥፋቱ በዚሁ አለፈ።

መግጠሙ ይከብዳል ብዬ ነበር። እንደገመትኩት አልሆነም። በክሬን ሲያወርዱት የሞተሩ መቀመጫ ከሥሩ ካለው ተሻጋሪ ብረት ጋር ገጠመ፣ ብሎኖቹ በጣት ገቡ። መበሳት የለ፣ መበየድ የለ። ካምቢዮውም ያው፤ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው የመኪናዋ የራሷ ዘንግ ገባለት። ለካ አካሉ የጃፓኑንም ሞተር እንዲቀበል የተበሳ ነው! ልጁ «ተነጥቃ ነው ያደገችው» ያለኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። (በነገራችን ላይ እዚሁ የተወለደ ልጅ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ስለው «ጋሼ፣ ይሄ አማርኛ ነው ወይስ ጣሊያንኛ?» ይለኛል። ሁለቱም ነው አልኩት።)

ፍዳው ሽቦው ላይ ነው። ምክንያቱ መሪው ነው። ጃፓን መሪው በቀኝ፣ አሜሪካ በግራ ነው። ኮምፒውተሩ የሚቀመጠው በተሳፋሪው እግር በኩል ነው። ስለዚህ ጃፓን ውስጥ በግራ፣ አሜሪካ ውስጥ በቀኝ ይሆናል። ከጃፓን የመጣው የሽቦ ጥቅል ሞተሩንና ሳሎኑን የሚለየውን ግድግዳ በስተግራ ሊያልፍ ነው የተለካው፤ እዚህ በቀኝ ማለፍ አለበት። ሞተሩ ላይ ሲዘረጉት አንዱ ሽቦ ይተርፋል፣ ሌላው አንድ ክንድ ያህል ያጥራል። ልጁ ጥቅሉን የእናቱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ወረቀት እያሰረ፣ ያጠረውን እየበየደ ሦስት ሳምንት ቆየ። እሳቸው በቆሙበት ነበር የሚበሉት። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ምከርልኝ፤ ሽሮ እንኳ የማስቀምጥበት አጣሁ» አሉኝ። ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያነጋግሩት ግን ጥቂት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፦ የቁልፉ መብራት፣ የነዳጅ ፓምፑ፣ የዙር ቆጣሪው፣ የሙቀት ጌጁ። ያን ሁሉ ጊዜ የሚበላው እነዚያን መለየቱ ነው።

የቀረውን ባጭሩ፤ የድሮው የነዳጅ ፓምፕ ለተርቦ አይበቃም፣ በትልቅ ይተካል። ቤንዚኑም ውዱ መሆን አለበት፤ ኮምፒውተሩ የተለማመደው ደረጃው ከፍ ባለው የጃፓን ቤንዚን ነው፣ ርካሹን ብትሰጡት ነዳጁ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ፒስተኑን ይደበድበዋል። አገሩንም እዩ። ካሊፎርኒያ ለአሜሪካ የጭስ መለኪያ ተፈትኖ የማያውቅን ሞተር መንገድ ላይ አታሳልፍም፤ ይሄ ደግሞ ተፈትኖ አያውቅም። እኛ አገር ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ሲያመሳክሩ ያየ ሰው መንግሥት ኮፈን ከፍቶ ማየቱ አይገርመውም።

የተነሳው አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። መጀመሪያ ዙር ሲያዞረው አስነጠሰ፤ በሁለተኛው ያዘ፣ ወናፉም ቀጭን ፉጨቱን ጀመረ። እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ይኸው ነው እንዴ? እኔ የሚያገሳ መስሎኝ» አሉ።

የወጣው 2.4 ሊትር ሸራ ለብሶ ጥግ ላይ አንድ ወር ቆየ። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ገዛው፤ የዘይት መያዣውንና አንዳንድ ነገሩን ከራሱ ቀይሮ ሊያስገባው ነው። ሦስት ሆነን ተሸክመን ስንጭንለት መኪናውን አየኋት፤ የዚያው ዘመን ኒሳን ፒክአፕ ናት።