የሕመም ማስታገሻ፣ መሪና ማስተዋል

ባለፈው ዓመት መንጋጋዬን ተነቅዬ ማታ አንድ የትራማዶል እንክብል ዋጥኩና የተማሪዎቼን ደብተር አረምኩ። እንቅልፍ አልመጣብኝም፤ ደኅና የሆንኩ መሰለኝ። በማግሥቱ ሳየው «7 ጊዜ 8 = 54» ላለ ልጅ «ትክክል» ብዬለታለሁ! ደብተር ይሰረዛል። መሪ ይዤ ቢሆንስ?

ውድ አንባቢያን፣ ማስታገሻ ሁሉ አንድ አይደለም። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን በታዘዘው መጠን ሲወሰዱ አብዛኛውን ሰው አያፈዝዙም። ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን ግን አንጎል ላይ ስለሚሠሩ ከሕመሙ ጋር ንቃትንና ፈጥኖ መወሰንንም ያደበዝዛሉ። ይህም በተለይ መድኃኒቱ ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር ይብሳል። ክፋቱ፣ የፈዘዘው ሰው መፍዘዙን የሚለካው በዚያው በፈዘዘ አእምሮው ነው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሴኮንድ መዘግየት ከአምስት ሜትር በላይ ያሳልፋል። ሐርጌሳ ላይ ደግሞ ጉዞው በቀኝ፣ የብዙዎቹ መኪኖች መሪም በቀኝ ስለሆነ ለመቅደም የሚወጣ ሾፌር ከፊት የሚመጣውን የሚያየው ዘግይቶ ነው።

እኛን በተለይ የሚመለከት ነገርም አለ። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ትራማዶልም እዚያው ወደ ጠንከር ያለ ዓይነት ይለወጣል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ከመረመሯቸው 122 ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው ይህን ለውጥ የሚያፋጥን ትርፍ ጂን ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ግን ቁጥሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ነው። ስለዚህ ለጎረቤት የተስማማ እንክብል ለሌላው ከባድ ሊሆን፣ እስትንፋስንም ሊያዳክም ይችላል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ሁለቱንም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፉ ነው።

«ጫት ያነቃኛል» የሚሉም አሉ። ጫት እንቅልፍ ያባርር ይሆናል እንጂ የደበዘዘ ማስተዋልን አይመልስም። አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን ሲጨመሩ ደግሞ አደጋው ለሕይወት ያሰጋል።

ሕመም ቻሉ ማለቴ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው መድኃኒቱ ያስፈልገዋል። መድኃኒት ቤት ስትሄዱ ግን «ያፈዝዛል ወይ? ለስንት ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መኪናም ሆነ ባጃጅ የምትነዱ መሆናችሁንም ተናገሩ። ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁም ሐኪም ሳታማክሩ በድንገት አታቋርጡ።