ጉሬዛና ዛፉ

ጎህ ሲቀድ ወጨጫ ተራራ ላይ፣ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ የቆመ ሰው ከአንድ ረጅም ዛፍ አናት ወፍራም የጉርምርምታ ድምፅ ይሰማል። ወዲያው ከማዶ ሌላው ይቀበለዋል። ጉሬዛ ነው። አውራው ካደረበት ሳይወርድ ዛፉ ባለቤት እንዳለው ለጎረቤት እያሳወቀ ነው።

ይህ ጫካ የቆየ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ለጉሬዛ የሚመቸውም እንዲህ ያለው ነባር ጫካ ነው፦ ከታች ከነብር የሚያርቅ ከፍታ፣ ከላይ ከንስር የሚሸሽግ ቅጠል፣ ዘለው ቢያርፉበት የማይሰበር ቅርንጫፍ።

እጁን ልብ ብላችሁ እዩት። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ በቦታው ትንሽ ጉጥ ብቻ ቀርታለች። የቀሩት አራቱ ረጃጅም ጣቶች ቅርንጫፍ ላይ እንደ መንጠቆ ይያዛሉ። ሆዱ ደግሞ ከዝንጀሮ ይልቅ የበሬን ያስታውሳል። ጨጓራው ክፍል ክፍል አለው፤ የበላው ቅጠል እዚያ ውስጥ በባክቴሪያ እንደ ጠላ ጥንስስ ይብላላል። ቀኑን ሙሉ ጭራውን አንጠልጥሎ ሲቀመጥ ሰነፍ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቅጠል ብዙ ጉልበት አይሰጥም፤ ያለችውን መቆጠብ ግድ ነው።

ልጁ ሲወለድ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ ነው። የመንጋው ሴቶች ከእናቱ እየተቀባበሉ ያቅፉታል። ጥቁርና ነጩን ካባ የሚደርበው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ይኸው ካባ ጠላቱም ሆኗል፤ ለምንጣፍ ሲባል ስንቱ ተገድሏል።

ዛፉ ከዚህ እንግዳ ምን ያተርፋል? ሥሩ ላይ የሚወድቅ ፍግ አለ። በአንጻሩ ጉሬዛ ለጋ ቅጠሉን ይቀነጥሳል፣ ጥሬ ፍሬውን ከነዘሩ ያኝካል። እንደኔ ወዳጅነቱ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ዛፉ ቻይ ነው።

ሐዋሳ ከተማ አሞራ ገደል መናፈሻ ውስጥ ግን ጉሬዛ ሰው ለምዷል። ኦቾሎኒ የዘረጋችሁለት እንደሆነ ወርዶ ይቀርባል፤ አንዷን ፍሬ በአራት ጣቱ ወደ መዳፉ እየጠረገ ለማንሳት ሲታገል ታያላችሁ። እንደምንም አፉ ውስጥ ከከተታት ግን አይቆይም፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁለቴ ዘሎ፣ ዛፉ ላይ ነው።