አንድ ክፍል፣ ሁለት አስተማሪ

ጎልማሶችን ፊደልና ሙያ አጣምሮ ማስተማር ያስፈልጋል ሲባል ያልሰማ የለም። ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ የተመዝጋቢው ብዛት ይነገራል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ስለሚያቋርጡት ስብሰባ ይጠራል። ስብሰባው ላይ የሚነሱት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ጎልማሳው ፍላጎት የለውም፣ እርሻና ገበያ ጊዜ አይሰጡትም፣ አበል ይጠብቃል፣ መጽሐፍ በሰዓቱ አልደረሰም ይባላል። አብዛኞቹ ውስጥ እውነት አለ። ፍላጎት የለውም የሚለውን ግን ለመቀበል ይቸግረኛል። የቀን ሥራዋን ጨርሳ፣ ልጅ አዝላ ክፍል የምትመጣ ሴት ፍላጎት እንዳላት እግሯ ይመሰክራል። ብዙም የማይነገርለት ምክንያት ሌላ ነው፤ ሁለቱን ትምህርቶች አጣምሮ የሚያስተምር ሰው የለም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ሐሳቡ ጥሩ ነው። የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚባለው ንባብን፣ ጽሕፈትንና ስሌትን ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሥራ ጋር ያያይዛል። በወረቀት ደረጃ የትምህርት፣ የግብርናና የጤና መሥሪያ ቤቶች አብረው ይሠሩታል። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ግን የሚያገኙት አንድ አመቻች ነው። ብዙ ጊዜ ቀን ሕፃናት ሲያስተምር የዋለ መምህር ወይም ትምህርቱን ጨርሶ ቀበሌው ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ነው፤ የሚከፈለውም ትንሽ ነው። ከእሱ የሚጠበቀው ፊደል ማስቆጠር፣ ስለ ማዳበሪያ ማስረዳት፣ ስለ እናቶች ክትትል መናገር፣ ቁጠባ ማስተማር፣ ሲመች ደግሞ የእጅ ሙያ ማሳየት ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥተው ያግዙታል ተብሎ ታስቧል። እነሱም የሚጠየቁበት የራሳቸው ዕቅድና ሪፖርት አላቸው። የጎልማሶች ክፍል ባለመግባቱ ከደረጃ ዕድገት የቀረ የግብርና ባለሙያ ይኖራል ብዬ አላምንም። ስለዚህ አመቻቹ የሚያውቀውን ብቻ ያስተምራል፤ የሚያውቀው ደግሞ ፊደል ነው። ሙያው “በቀጣይ ምዕራፍ” ይባላል፤ ቀጣዩ ምዕራፍ እስኪደርስ ተማሪው ይበተናል።

ሁለት አስተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ቢቆሙ ምን እንደሚለወጥ ከልብስ ስፌት ሥልጠና ማየት ይቻላል። አሠልጣኟ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግታ፣ “ደረት ለአራት ይካፈላል፣ ከዚያ መላወሻ ይጨመርበታል” ትላለች። ደረቱ 96 ከሆነ 24 ማለት ነው። ማካፈል ያልተማረች ሠልጣኝ ሜትሩን 96 ላይ ይዛ አንዴ ታጥፈዋለች፣ ደግማ ታጥፈዋለች፣ ከዚያ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ልኬቷ ትክክል ነው። የስፌት አሠልጣኟ “ጎበዝ” ብላ ታልፋለች፤ የእሷ ሥራ እዚያ ላይ አልቋል። የፊደል አስተማሪዋ አጠገቧ ብትኖር ግን ትምህርቱ ገና መጀመሩ ነበር። ሴትየዋ አራተኛ ማለት ምን እንደሆነ በእጇ ታውቃለች፤ የቀራት ያንኑ በቁጥር መጻፍ ነው። ዛሬ 24ን ከጻፈች ነገ “ደረት”፣ “ወገብ”፣ “እጅጌ” ብላ በየስማቸው ሥር ታሰፍራለች፤ ከነገ ወዲያ የደንበኛዋን ስም፣ ቀብድና የመረከቢያ ቀን ትጨምራለች። ይህን ሁለቱ አስተማሪዎች ተነጋግረው ካላቀዱት በአጋጣሚ አይመጣም። የሚነጋገሩበት ሰዓት ደግሞ ሥራ ነው፤ ሊከፈልበት ይገባል።

ይህን በበጀት ያስቀመጠ አሠራር አለ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የማኅበረሰብ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. በ2004 አይ-ቤስት የተባለ ፕሮግራም በሙከራ ጀመሩ። የነርስ ረዳትነት ወይም የብየዳ ሙያ የሚማር ሰው እንግሊዝኛውን ወይም ሒሳቡን ለብቻው ጨርሶ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ የሙያው መምህርና የቋንቋው ወይም የሒሳቡ መምህር ቢያንስ የትምህርቱን ሰዓት ግማሹን አብረው ክፍል ይገባሉ። ክፍለ ግዛቱም ለእነዚህ ተማሪዎች የሚመድበው ገንዘብ ከመደበኛው 1.75 እጥፍ ነው። ሁለት ሰው መቅጠርና አብሮ ማቀድ ውድ መሆኑን አምኖ ነው የጀመረው። “እነሱ ሀብታም ናቸው” የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ነገር ግን እኛም እየከፈልን ነው። ፊደል ቆጥሮ ለረሳው፣ ስፌት ተምራ የትዕዛዝ ደብተር መያዝ ላቃታት፣ ተመዝግቦ ለቀረው ሁሉ ወጪ ወጥቷል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ተቃውሞ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1965 ቴህራን ላይ ከተደረገ የመሠረተ ትምህርት ጉባኤ በኋላ ፊደልን ከሥራ ጋር የሚያያይዝ ሙከራ በ11 አገሮች አካሂዶ ነበር፤ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ግምገማ ሙከራው ንባብን ወደ ምርት ብቻ አጥብቦታል ሲል ወቀሰ። ወቀሳው ዛሬም ይሠራል። በ50 ዓመቷ ፊደል የምትቆጥር እናት ዳዊት ወይም ቁርኣን ማንበብ፣ የልጇን ደብተር ማየት፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ መለየት ትፈልግ ይሆናል እንጂ ቀሚስ መስፋት ላያምራት ይችላል። ለእሷ የፊደሉ ክፍል ብቻውን በቂ ነው፤ ሊዘጋባትም አይገባም። እዚህ የምናገረው ሙያ ፈልጋ ለመጣችው ነው።

ለእሷ ጉዳዩ የእንጀራ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ ቆይቶ ቢሻሻልም፣ ለሥራ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው እንዲሆን አዝዞ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ደጁ ለማን እንደተዘጋ አይጠፋውም። ሲ ኦ ሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ምዘናም ከተግባሩ ሌላ የጽሑፍ ፈተና አለው። እጇ የሠለጠነ፣ ጥያቄውን ማንበብ ግን ያልቻለች ሴት ምዘናውን ትወድቅና ሙያ እንደሌላት ትቆጠራለች። ብድር ስትወስድም በማታነበው ውል ላይ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች።

መነሻው ቀላል ነው ብዬ አምናለሁ። ሙያን ወደ ፊደል ክፍል ለማምጣት ብዙ ዓመት ተሞክሯል፤ አልመጣም፤ የስፌት መኪናውም፣ ጨርቁም፣ አሠልጣኙም እዚያ የሉም። ፊደሉ ወደ ሙያው ይሂድ። በወረዳዎች ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ማሠልጠኛዎች ለአጫጭር ሥልጠና ሠልጣኝ ሲቀበሉ አንድ የጎልማሶች መምህር በደመወዝ ይመደብላቸው፤ ከሙያ አሠልጣኙ ጋር በሳምንት የሚያቅዱበት ሰዓትም በሥራ ሰዓትነት ይቆጠር። ምክር ቤት የምትቀመጡ፣ የድርጅት ፕሮጀክት የምትጽፉ፣ ከውጭ ሆናችሁ ለትውልድ ቀያችሁ ገንዘብ የምታሰባስቡ ሁሉ፣ ቀጣዩ ዕቅድ ፊታችሁ ሲቀርብ የተመዝጋቢውን ቁጥር ከማየታችሁ በፊት የደመወዙን መስመር ተመልከቱ። ለአንድ ክፍል የተያዘው የአንድ ሰው ደመወዝ ብቻ ከሆነ አትፈርሙ፤ ሁለተኛው እንዲጨመር ጠይቁ።